ለጎንደር ብርድ አንድ ወፍራም ጃኬት ይበቃል ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከመተማ ወደ ጎንደር የተዛወርነው ዘንድሮ መስከረም ላይ ነው። ቤታችን ዳገቱ ሥር ነው፤ ቢሮዬ ደግሞ ፒያሳ። ጠዋት 1 ሰዓት ስወጣ እጄ በቆፈን ይደነዝዛል። ዳገቱን ጨርሼ ቢሮ ስደርስ ውስጤ በላብ ርሷል። ቀን ጃኬቴን አንጠልጥዬ እዞራለሁ፤ ማታ ስመለስ እንደገና ያንቀጠቅጠኛል። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ መንገድ ላይ ነው። የአራት ዓመት ልጃችንን አማቴ በሦስት ሹራብ ጠቅልለው ነው መዋዕለ ሕፃናት የሚልኩልኝ፤ ስትመለስ ፀጉሯ ሁሉ ላብ ነው። ጥምቀት ሳይደርስ ለሦስታችንም አንዳንድ ወፍራም ጃኬት ልግዛ ብዬ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ጥር መጨረሻ ላይ ደባርቅ ዘመድ ጥየቃ እንሄዳለን። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ገንዘቡን ሳታወጪ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሦስቱን ወፍራም ጃኬት ተዪው። በዚያው ገንዘብ ስስ ስስ የሆኑ፣ የሚደረቡና የሚወልቁ ልብሶች ግዢ። የጎንደርን አየር የሚችለው እሱ ነው።

ሥራዬ ጨርቅና ስፌት ነው። ህዳር በገባ ቁጥር ብርድ የፈራ ሰው ወፍራም ነገር ፍለጋ ሲመጣ አያለሁ። ገዝቶ ጠዋት ይለብሰዋል። ዳገት ላይ ያልበዋል። ቀን ይሸከመዋል። ማታ በረጠበ ካናቴራ ላይ መልሶ ይደርበውና "የጎንደርን ብርድ አልቻልኩትም" ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ማታ የሚያንቀጠቅጥሽ በአብዛኛው የቀኑ ላብሽ ነው። እዚህ ከተማ ላይ ደረቅ ሆኖ የዋለ ሰው በስስ ሹራብ ያመሻል።

መጀመሪያ አየሩን እንወቀው። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በከፍታው ብቻ 9 ዲግሪ ገደማ ቀንሶብሻል። ሰውነትሽ ገና ለቆላው እንደተሰናዳ ነው። ትንሽ ጊዜ ስጪው፤ የሚመጣው ዓመት ታህሳስ እንደዘንድሮው አይከብድሽም።

ደግሞ ያለንበት ወቅት ራሱ አስቸጋሪ ነው። በታህሳስና በጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፤ ቀኑ ደግሞ 27 ገደማ ይደርሳል። በአንድ ቀን ውስጥ ከ15 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንዲህ የለም፤ ቀኑ 23፣ ሌሊቱ 14 ቢሆን ነው። ምክንያቱ ደመናው ነው። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው፤ ቀን የፀሐይዋን ግለት ይቀንሳል፣ ሌሊት ደግሞ መሬት የያዘችውን ሙቀት ወደ ላይ አያስመልጥም። በጋ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ያ ሁሉ ሙቀት ሌሊቱን ሲወጣ ያድራል። ብርዱ ጫፍ የሚደርሰው ታዲያ እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም። ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ልክ ባለቤትሽ ባጃጁን የሚያስነሳበት ሰዓት።

አንድ ሌላ ነገር አስተውለሽ ይሆናል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ውጭ ፀሐዩ ሞቆ ቢሮ ውስጥ እጅ ይቀዘቅዛል። የድንጋይና የብሎኬት ግድግዳ ሌሊት የቀዘቀዘውን ያህል ቶሎ አይሞቅም። ስለዚህ አንድ ሹራብ ቢሮ ትተሽ ውጪ፤ ወንበርሽ ላይ ይደር። ከቤት ተሸክመሽው አትምጪ።

አሁን ወደ ልብሱ። ልብስ ሙቀት አይፈጥርም፤ ሙቀቱን የሚያመነጨው ሰውነትሽ ነው። የልብሱ ሥራ በቆዳሽና በውጭው መካከል ያለው አየር ሳይንቀሳቀስ እንዲቆም ማድረግ ነው። የቆመ አየር ሙቀት በጣም በዝግታ ነው የሚያሳልፈው። ሁለት ስስ ልብስ ስትደርቢ በመካከላቸውም አየር ይያዛል፤ አንዱ ወፍራም ልብስ ይህን አይሰጥሽም። ጋቢውን ተመልከቺው፤ አራት እጥፍ ነው። ሸማኔው አንድ ወፍራም ጨርቅ መሥራት አቅቶት አይደለም። በእጅ የተፈተለው ማግ ልል ነው፤ በክሮቹ መካከል አየር አለ፣ በእጥፎቹ መካከልም አየር አለ። ኩታ ደግሞ ሁለት እጥፍ ነው፤ ቀለል ላለ ብርድ ይበቃል። ጋቢ ስታጥቢ እንደ መወልወያ አትጠምዝዢው። ቀስ ብለሽ ጨምቀሽ ፀሐይ ላይ ዘርግተሽ አራግፊው። ተጨፍልቆ የቆየ ጋቢ ክብደቱ ያው ነው፤ ሙቀቱ ግን ያው አይሆንም።

ውሃ ሲገባ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ውሃ ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። ካናቴራሽ በላብ ሲርስ አየሩ የነበረበትን ቦታ ውሃ ይይዘዋል። በዚያ ላይ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞብሽ ይሄዳል፤ አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ተንኖ ሲያልቅ 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይወስዳል። ቀን ሐሩር ላይ ይህ በረከት ነው፤ ሰውነት የሚቀዘቅዘው በዚህ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ከገባች በኋላ ግን ያው ትነት ከጀርባሽ ላይ ሙቀትሽን ይገፍሻል።

ዳገት የሚወጣ ሰው ቁጭ ካለ ሰው ሦስትና አራት እጥፍ ሙቀት ያመነጫል። ስለዚህ ከቤት ስትወጪ ትንሽ ሊበርድሽ ይገባል። በር ላይ ሞቅ ብሎሽ ከወጣሽ ግማሽ መንገድ ላይ ማላብሽ አይቀርም። ዳገቱ ሥር ስትደርሺ ቆም በይና ሹራብሽን አውልቂ፤ ላቡ ሳይጀምር በፊት። ብዙ ሰው ካላበው በኋላ ነው የሚያወልቀው፤ ያን ጊዜ ረፍዷል። መንገድ ላይ ልብስ ማውለቅ ነውር መስሎ የሚታየው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። በቁልፍ ወይም በዚፕ የሚከፈት ሹራብ ከሆነ ግን ማንም ልብ አይልሽም። በጭንቅላት የሚገባው ሹራብ ነው ለጎንደር የማይሆነው። ፀጉርሽን ያበላሻል፣ ነጠላሽን ያስወልቅሻል፣ ስለዚህ "ይቅር" ትዪና እያላበሽ ትሄጃለሽ።

ለአንቺ እንዲህ አድርጊ። ከውስጥ ስስ የጥጥ ካናቴራ። ከላዩ ሸሚዝ ወይም ቀሚስሽ። ከዚያ ፊት ለፊት የሚከፈት ሹራብ። ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያሳልፍ ስስ ጃኬት፤ ስትጠቀልዪው ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ይሁን። በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሪበት፤ በእኔ ግምት ከጃኬቱም የሚበልጠው እሱ ነው። ሁለተኛ ደረቅ ካናቴራ በቦርሳሽ ያዢ። ቢሮ እንደደረስሽ ለውጪ። እርጥቡን የሚሰጣበት ቦታ ካለ አስጪው፤ የበጋ አየራችን ደረቅ ስለሆነ እስከ ምሳ ሰዓት ይደርቃል። ሁለት ካናቴራ ከአንድ ጃኬት ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ የማታው መንቀጥቀጥሽ ግን በዚህ ብቻ በብዛት ይለቅሻል።

ጥጥ ላብ ይይዛል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው እየተባለ ሲወቀስ ሰምተሽ ይሆናል። ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ ተራራ ለሚወጣ ሰው ጥጥ ከውስጥ አልመክርም። ለከተማ ሰው ግን፣ መቀየሪያ እስከያዘ ድረስ፣ ጥጥ ይበቃል። ቆዳም አያሳክክም፣ ሽታም እንደ ፖሊስተር አይዝም።

ነጠላሽን ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ አታስቀምጪው። ጠዋት አንገትሽንና ጆሮሽን፣ ቀን ራስሽን ከፀሐይ፣ ማታ ትከሻሽን። በአንድ እጅ የሚስተካከል ሌላ ልብስ የለሽም። የቀኑን ፀሐይ ስል በከንቱ አይደለም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚያቃጥለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ቀን ሲሞቅ ወደ እጅጌ የለሽ አትሩጪ። ነጣ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ጨርቅ ከፀሐይ ይከልልሻል፤ ነፋስም ያስገባልሻል።

ለመግዛት ቅዳሜ ገበያ ወይም አራዳ ስትወጪ ምን ማየት እንዳለብሽ ልንገርሽ። ልባሽ ጨርቅ አትናቂ። አዲስ ከሚባለው ውስጥ ስንቱ በአንድ ክረምት የሚበጣጠስ ነው፤ ሳልባጅ ውስጥ ግን ዕድሜ ልክ የሚያገለግል የሱፍ ሹራብ ይገኛል። ጃኬቱን መጀመሪያ ገልብጪው። የውስጥ ገበሩ ብብቱ ሥር ተቀድዶ ከሆነ ተዪው። ስፌቱን በሁለት እጅ ሳብ አድርጊ፤ ክሩ ጥርስ ካሳየ አይበረክትም። ዚፑን እስከ ጫፍ ሦስት አራት ጊዜ ውጣ ግባ አድርጊው። ከዚያ ጨርቁን አፍሽ ላይ አድርገሽ እፍ በይበት። ትንፋሽሽ በቀላሉ ካለፈ ነፋስም ያልፋል። ምንም ካላለፈ ደግሞ ላብሽ መውጫ ያጣል፤ ያ ለዝናብ እንጂ ለዳገት አይሆንም። የምትፈልጊው በመካከል ያለውን ነው፤ ትንፋሽሽን እያስቸገረ ትንሽ የሚያሳልፈውን።

ሹራቡ ሱፍ ይሁን አይሁን ለማወቅ ሻጩን አስፈቅጂና ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር ምዘዢ። ከሰውም ከጨርቅም ራቅ ብለሽ በክብሪት ለኩሻት። የበግ ፀጉር ከሆነ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ እሳቱም ቶሎ ይጠፋል፣ የቀረው ጥቁር ነገር በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ልል ነው። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፤ ጫፉ ላይ ጠንካራ እንክብል ይሠራል። ይህን ፈተና ለጋቢም ተጠቀሚበት። ጥጥ ነው ተብሎ ሰው ሠራሽ ክር ተቀላቅሎበት የሚሸጥ አለ፤ ገንዘብሽን ጥጥ ላልሆነ ነገር አታውጪ።

ሱፍ ካገኘሽ አትልቀቂው። የበግ ፀጉር ከክብደቱ ሲሶ ገደማ የሚሆን እርጥበት በውስጡ ይዞ ለእጅ ደረቅ ይመስላል። ረጥቦም ቢሆን ከጥጥ ይሻላል። የደጋ ሰው በርኖስና ባና የሚለብሰው ያለ ነገር አይደለም። ስታጥቢው ግን ለብ ያለ ውሃ ብቻ፤ በፈላ ውሃ ካጠብሽው ለልጅሽ ልክ ሆኖ ይወጣል። ገመድ ላይ ስታንጠለጥዪውም ይለጠጣል፤ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው።

ልክን በተመለከተ ሰዎች የሚስቱት ነገር አለ። ከላይ የሚለበሰውን ጃኬት ሹራብሽን ለብሰሽ ለኪው። ጠባብ ከሆነ ሹራቡን ይጨፈልቀዋል፣ አየሩ ይወጣል፣ ሁለት ልብስ ለብሰሽ የአንድ ታክል ብቻ ትሞቂያለሽ። ጫማም እንዲሁ ነው። ጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ የሚደርብ ሰው እግሩ የሚቀዘቅዘው ደሙ በደንብ ስለማይዘዋወር ነው። አንድ ደህና ካልሲና ትንሽ የሚላወስ ጣት ይሻላል።

ባለቤትሽን እንምጣበት። የእሱ ችግር ካንቺ ይለያል። እሱ ዳገት አይወጣም፤ ቁጭ ብሎ ነው ነፋስ የሚመታው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ፊት ለፊት ነፋስ ሲመታው የ10 ዲግሪው አየር ቆዳው ላይ 7 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማዋል። የባጃጅ ጎንና ጎኑ ደግሞ ክፍት ነው። ለእሱ ከሁሉ በፊት ነፋስ የሚያቆም ነገር ያስፈልገዋል፤ ስስም ቢሆን ግድ የለም። ከሱ ሥር ሰደርያ አልብሺው። ሰደርያ ደረትና ጀርባን ያሞቃል፣ ክንድን ለመሪው ነፃ ይተዋል፣ ሲሞቅም ለመክፈት ቀላል ነው። ያልተገዛ ዘዴም አለ። ጠዋት አንድ ጋዜጣ አጥፎ ከጃኬቱ ሥር ደረቱ ላይ ያድርግ። ወረቀት ነፋስ አያሳልፍም፤ 3 ሰዓት ላይ ሲሞቅ አውጥቶ ያነበዋል። ጓንትና የጆሮ መሸፈኛ ግን አይቅር። እጁ የደነዘዘ ሾፌር ፍሬኑን ቶሎ አይይዝም። ይህን ለራሱም ለተሳፋሪውም ብዬ ነው የምለው። ጉልበቱንም አይርሳ፤ ከሱሪው ሥር ስስ ታይት ቢያደርግ ማንም አያየውም።

ለልጅሽ ስንመጣ አማትሽን በክብር ነው የማነሳቸው። ልጅ ቶሎ ይበርደዋል ማለታቸው እውነት ነው። የሕፃን ቆዳ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከእኛ ሰፊ ነው፤ ሙቀቱም ቶሎ ያመልጣል። ስህተቱ ሦስቱ ሹራብ መሆኑ አይደለም፤ ሦስቱም በጭንቅላት የሚገቡ መሆናቸውና የሚያወልቅላት ሰው አለመኖሩ ነው። የአራት ዓመት ልጅ "ሞቀኝ" ብላ አትናገርም። ትሮጣለች፣ ያልባታል፣ ጥላ ሥር ትቀመጣለች፣ ላቡ ላይዋ ላይ ይበርዳል። እማማ የፈሩት ብርድ በዚህ በኩል ዞሮ ይመጣል። ይህን ብታስረጃቸው የሚቃወሙሽ አይመስለኝም። ላብ ይዞ ነፋስ ላይ መቀመጥ ክፉ መሆኑን ከእኛ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

አንድ ካናቴራ፣ አንድ ስስ ሹራብ፣ ከላዩ ትልልቅ ቁልፍ ያለው ሹራብ አልብሷት። ቁልፉ ትልቅ ይሁን ያልኩት ራሷ እንድትፈታው ነው። ቅዳሜና እሁድ ቤት ውስጥ እንደ ጨዋታ አለማምዷት፤ ፈትታ፣ አጥፋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ታስገባ። መዋዕለ ሕፃናት ሹራብ የሚጠፋበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ከኮሌታው ውስጥ ስሟን በክር ስፊላት። መምህሯንም "ረፍት ሲወጡ የላይኛውን አውልቁልኝ" በያት። መብረድ መሞቋን ለማወቅ እጇን አትንኪ። የልጅ እጅ ሞቆትም ይቀዘቅዛል። ከአንገቷ ጀርባ፣ ከኮሌታው ሥር ሁለት ጣት አስገቢ። ሞቅ ብሎ ደረቅ ከሆነ በቃ። ካላባት አንድ አውልቂ። ቀዝቃዛ ከሆነ ጨምሪ። ይህን ለእማማም አሳያቸው፤ የሹራብ ቁጥር ከመቁጠር ያሳርፋቸዋል። ማታ ስትመለስ ካናቴራዋን መጀመሪያ ቀይሩላት፣ ከዚያ ነው ሌላው። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ እንጂ ብርዱ ብቻውን አይደለም። ልጅቷ ሳል ከያዛት፣ አተነፋፈሷም ከከበዳት ግን ነገሩ የልብስ አይደለምና ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

ስለ ብርድ ካነሳን ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ሌሊት ለሙቀት ብላችሁ የከሰል ምድጃ ዘግታችሁ የምትተኙበት ክፍል አታስገቡ። ጭስ ባይታይም ከከሰሉ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ሽታ ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ቀልቶ ፍም የሆነውም ያው ነው። ብርድ ልብስ፣ ከላዩ ጋቢ፣ እግር ሥር በሙቅ ውሃ የተሞላና በጨርቅ የተጠቀለለ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃችኋል። አደራ።

ጥምቀትን እዚህ የምታሳልፉት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ለከተራ ማታ ተዘጋጁ። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ከወረዱ በኋላ ብዙ ሕዝብ እዚያው ያድራል። ቦታው ቀሃ ወንዝ አጠገብ፣ ዝቅ ያለ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ዝቅታ ይወርዳል፤ እላይ ፒያሳ ካለው ብርድ የዚያኛው ይጠነክራል። ጋቢ የምትይዙት ለዚህ ሌሊት ነው። ግን ከላይ የምትደርቡትን ያህል ከሥርም አስቡ። መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ሙቀቱን በመቀመጫው በኩል መሬት ትወስድበታለች። ሰሌን ካላችሁ ሰሌን፣ ከሌላችሁ ካርቶን አንጥፉ። የሀበሻ ቀሚስሽ ሥር ታይት ልበሺ፤ ቀሚሱ ረጅም ስለሆነ አይታይም። ንጋት ላይ ጠበሉ ሲረጭ መርጠብ አይቀርምና ለሦስታችሁም ደረቅ ካናቴራ በፌስታል ቋጥረሽ ያዢ። ረፋዱ ላይ ታቦታቱን ስትሸኙ ደግሞ ፀሐዩ ይከብዳል። ጋቢውን በትከሻ ከመሸከም ቀበቶ በመሰለ ጨርቅ ጠቅልሎ አንድ ሰው ቢያዝለው ይሻላል።

ክረምቱን ሲደርስ ታዪዋለሽ። አሁን የምልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእግረኛ ሰው ከላስቲክ ካፖርት ጃንጥላ ይሻላል። ላስቲኩ ዝናቡን ይከልልሽና በላብ ያረጥብሻል።

ደባርቅ። እሱ ሌላ ሀገር ነው። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከፍታው 2,850 ሜትር አካባቢ ነው። በከፍታው ልዩነት ብቻ ከጎንደር በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ይበርዳል። ሰፊ ሜዳ ስለሆነ ነፋሱም አለ። ጎንደር የምትለብሱትን ሁሉ እዚያ ትለብሱታላችሁ፤ ከዚያ ላይ አንድ ሹራብ ለየሰው ጨምሩበት። ዘመዶቻችሁ ወደ ስሜን ፓርክ ይዘዋችሁ ቢወጡ ሳንቃበር 3,250 ሜትር ነው። ቸነክ 3,600 ያልፋል፤ በዚህ ወቅት ሌሊት ውርጭ ይይዛል። እዚያ ለማደር ከሆነ ብቻ ነው ወፍራም ጃኬት የሚያስፈልጋችሁ፤ ለአንድ ሌሊት ደግሞ ከዘመድ መዋስ ይቻላል። የሱፍ ኮፍያ ደባርቅ ላይ ስለምታገኙ ከዚህ አትግዙ። ከሰውነት ሙቀት አብዛኛው በጭንቅላት ይወጣል የሚባለው የተጋነነ ነው፤ ጭንቅላት ከቆዳችን 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ተሸፍኖ እሱ ብቻ ባዶ ሲሆን ግን ጆሮና ግንባር ያማል፤ በተለይ ለልጅቷ።

በሚኒባስ ስትሄዱ ሹራቦቹንና ጋቢውን ከሻንጣው ጋር ጣሪያ ላይ እንዳታስጭኗቸው። ጎንደር 3 ሰዓት ላይ ስትሳፈሩ መኪናው ውስጥ ይሞቃል፤ መስኮት የሚከፍትም አታገኙም። ዳባት ስትደርሱ አየሩ ይለወጣል። ልጅቷ በላብ እንዳትደርስ መነሻው ላይ በካናቴራና በስስ ሹራብ ብቻ አስቀምጧት፤ የቀረውን ጭንሽ ላይ ያዢና ደባርቅ ልትወርዱ ስትሉ ከበሩ በፊት አልብሻት።